በአንድ ዓይን የማይታይ ተራራ

ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ምን እንደያዘ ይጠይቀኛል። «ባቡር ነው» ስለው ይስቃል፤ ከፍቼ ሳሳየው ግን ሳቁን ትቶ በትዝብት ያየኛል። በካርቶኑ ውስጥ 111 ካርዶች አሉ። እያንዳንዱ ካርድ ቁመቱ 9፣ ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ወረቀት ነው። በላዩም አንድ ዓይነት የሚመስል ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ፣ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። የፎቶግራፎቹ ጉዳይ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ተራራ የሚወጣ ባቡር።

አንድ ወዳጄ ካርዶቹን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ሁለት ሁለት ያደረጉት አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተካ ነው?» ብሎኛል። ሌላው ደግሞ ዋጋቸውን ጠይቆ፣ በዚያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ እንደነበር አስልቶ ነግሮኛል። የሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱው ነውና።

በመጀመሪያ ግን ስለ ካርዶቹ። ሁለቱ ፎቶግራፎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አንባቢ እንዲህ አድርጎ ይሞክረው፤ አንድ ጣቱን ከአፍንጫው ፊት ቀጥ አድርጎ ያቁም፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይኑን፣ አንድ ጊዜ ግራ ዓይኑን እያፈራረቀ ይጨፍን። ጣቱ ሳይነቃነቅ ከወዲያ ወዲህ ሲዘል ያየዋል። ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተራርቀው ስለ ተቀመጡ፣ አንዱን ነገር የሚያዩት ከሁለት ቦታ ነው። አእምሯችን ሁለቱን ሥዕሎች አጋጥሞ፣ በመካከላቸው ካለው ልዩነት «ይህ ቅርብ ነው፣ ያ ሩቅ ነው» የሚለውን ፍርድ ያወጣል። ይህን በ1838 ያስረዳው ቻርልስ ዊትስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፎቶግራፍ ለዓለም ከመታወጁ አንድ ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ፎቶግራፍ ሲመጣ ታዲያ ነገሩ ቀለለ፤ እንደ ዓይን ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሌንሶች ማንሳት፣ በአንድ ካርድ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ ውስጥ ማየት። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ አይተውት ከተደነቁ በኋላ መሣሪያው በየሳሎኑ ገባ። አሜሪካዊው ሐኪምና ጸሐፊ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ደግሞ በ1861 ግድም በእጅ የሚያዝ፣ ርካሽና ቀላል መመልከቻ ሠራ፤ የፈጠራ መብቱንም ሳያስመዘግብ ለፈለገ ሁሉ ተወው። ሲኒማም ቴሌቪዥንም ባልነበረበት ዘመን ሩቅ አገርን ወደ ቤት ያስገባው ይህ የእንጨት ዕቃ ነበር።

እኔና እሱ የተዋወቅነው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወጣ ብሎ እሑድ እሑድ በሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። በዚያ አገር አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ዲፕሎማዬ ጋዜጠኝነት ይላል፤ ሥራዬ ግን በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የሰው መኪና ማቆም ነበር። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። አብረውኝ ከሚሠሩት ያገሬ ልጆች መካከል አንድ የሒሳብ መምህርና አንድ ዲያቆን ነበሩበት፤ ጨዋታችንም ደኅና ነበር። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ግድግዳ እያየ የሚውል ሰው ዓይኑ ርቀት ይርበዋል።

በዚያ እሑድ አንዲት አሮጊት ነጋዴ መመልከቻውን አስያዘችኝና ካርድ ሰካችበት። መጀመሪያ የታዩኝ ሁለት ብዥ ያሉ ሥዕሎች ነበሩ። ካርዱን በእንጨቱ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስታንሸራትተው ሥዕሎቹ ተሳስበው ገጠሙ፤ ወዲያው ወረቀቱ ጠፋ። ከፊቴ የእንጨት ድልድይ ሽቅብ ቆመ። በድልድዩ ላይ ባቡር፣ ከድልድዩ ሥር ቋጥኝና ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደመና። በቅርብ ያለው የድልድዩ ቋሚ እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ፤ እውነትም እጄን ዘረጋሁ። ሴትዮዋ ሳቀች። «ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል» አለችኝ። ሦስት ዶላር ከፈልኩ።

ቦታው በኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት የሚገኘው የዋሽንግተን ተራራ ነው፤ የድልድዩም ስም «የያዕቆብ መሰላል» ይባላል። ስሙን ሳነብ በሰው አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ታሪኩም እንዲህ ነው። ሲልቬስተር ማርሽ የተባለ፣ በቺካጎ በሥጋ ንግድ የከበረ የዚያው ክፍለ ግዛት ተወላጅ፣ በ1857 ይህን ተራራ ሲወጣ ማዕበል ይዞት ለጥቂት ተረፈ። ተራራውን ርግፍ አድርጎ በመተው ፈንታ ባቡር ሊያወጣበት ተነሣ። በ1858 ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ከሕግ አውጪዎቹ አንዱ «ከፈለገ እስከ ጨረቃ ድረስ ይዘርጋ» በሚል መንፈስ እንደ ቀለደበት እስከ ዛሬ ይነገራል። ቀልደኛው ያለ ምክንያት አልቀለደም። ለስላሳ የብረት ጎማ በለስላሳ ሐዲድ ላይ፣ ዳገቱ ሲበረታ ይንሸራተታል፤ ተራው ባቡር በመቶ ሜትር ሦስትና አራት ሜትር መውጣት እንኳ ይከብደዋል። ማርሽ ግን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል እንደ መሰላል እርከን ያለው ሌላ ሐዲድ ዘረጋ፤ ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥርም እርከኖቹን እየነከሰ የሚወጣ ባለ ጥርስ መሽከርከሪያ ገጠመ። ባቡሩ በጁላይ 3 ቀን 1869 ዓ.ም. 1,917 ሜትር ከፍታ ካለው የተራራው ጫፍ ደረሰ። በያዕቆብ መሰላል ላይ በየመቶ ሜትሩ 37 ሜትር ይወጣል፤ በአንድ ፉርጎ ውስጥ ከፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ ከኋላ ከተቀመጠው ከ4 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል።

«ስንት የሚሰበሰብ ነገር እያለ ለምን ተራራ የሚወጣ ባቡር?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ ደግሞ ባቡር ተራራ ባለመውጣቱ የተወለደች ከተማ ናት። ስዊሱ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1894 ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር ፈቃድ ሲያገኝ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሥራው በ1897 ተጀምሮ ወደ ሐረር ሲቃረብ ግን ተራራው ፊት ለፊት ቆመ። ያን ዳገት ለመውጣት ወጪው ስለ ከበደ ሐዲዱ ሐረርን ከላይ ትቶ በግርጌው አለፈ። በ1902 ከተራራው ሥር የተቆረቆረው ጣቢያ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ያ ነው ድሬዳዋ የሆነው። አዲስ አበባ የተደረሰው በ1917 ነው። እንግዲህ የከዚራ የዛፍ ጥላ፣ በምድር ባቡር የተገኘው የአባቴ እንጀራ፣ እኔም ራሴ፣ ያ ባቡር ያን ዳገት ስላልደፈረ የተገኘን ነን። በልጅነቴ በመኪና የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ወደ ኋላ ዞሬ ከተማችንን ቁልቁል እያየሁ፣ «ወጥቶት ቢሆን ኖሮስ?» እል ነበር። በሰሜን በኩል እኮ ጣሊያኖች ከምጽዋ ጠረፍ ያስነሡትን ባቡር ከ2,300 ሜትር በላይ አውጥተው በ1911 አስመራ አግብተውታል። የሌላው አገር ባቡር ዳገቱን ሲወጣ ማየት ለእኔ ያን የልጅነት ጥያቄ መልሶ መላልሶ መጠየቅ ነው።

መሰብሰብ ሱስ ነው፤ እንደ ሱስ ሁሉም የራሱ ዕውቀት አለው። የካርድ ዕድሜ ከመልኩ ይታወቃል። ማዕዘኑ ሹል የሆነው ባመዛኙ ከ1860ዎቹ ነው፤ ማዕዘኑ የተከረከመው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ወረቀቱ ጎበጥ ያለው ደግሞ ከ1880 ግድም በኋላ የመጣ ነው። በጀርባው የቀረጥ ቴምብር ያለበት ከሆነ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወጪ ሳቢያ ፎቶግራፍ በተቀረጠበት ዘመን፣ ከሴፕቴምበር 1864 እስከ ኦገስት 1866 የተሸጠ ነው። አንድ ነጋዴ «የዋሽንግተን ተራራ ባቡር፣ ከነቴምብሩ፣ እጅግ ብርቅ» ብሎ ሰማንያ ዶላር ጠይቆኝ ያውቃል። ቀረጡ የተነሣው ኦገስት 1 ቀን 1866 ነው፤ የማርሽ ባቡር በአጭር ሐዲድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የታየው ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ካርዱ የሚያሳየው ግን የተራራውን ጫፍ የረገጠ ሐዲድ ነው። ቴምብሩ ከሌላ ካርድ ተፈልቅቆ የመጣ መሆን አለበት። አመስግኜ መለስኩለት። ዲፕሎማዬ በአሜሪካ ምድር የሠራልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በተራራው አቅራቢያ በሊትልተን ከተማ ይሠሩ የነበሩት የኪልበርን ወንድማማቾች ካነሷቸው ውስጥ ከሁሉ የምወደው የሐዲድ ሠራተኞቹን ነው። ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወርዱ በመካከለኛው ባለ እርከን ሐዲድ ላይ አንድ ሜትር ያህል የምትሆን ሳንቃ ያጋድማሉ፤ በላይዋ ተቀምጠው በእጅ ፍሬን ብቻ ቁልቁል ይለቁታል። ባቡሩ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወጣውን ወደ አምስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የወረደ ነበረ ይባላል። ኋላ ሰው ሞቶበት ተከለከለ። ፎቶግራፍ አንሺዎቹም ቢሆኑ ከአደጋ አላመለጡም። የማርሽ የመጀመሪያ ሎኮሞቲቭ ቀጥ ብሎ የቆመ ቦይለሯ የበርበሬ ስጎ ጠርሙስ ስለሚመስል «ፔፐርሳስ» ትባል ነበር። በ1929 ታድሳ ለመታሰቢያ ተራራውን ወጥታ ስትመለስ ጥርሷ ተሰብሮ ቁልቁል ተፈተለከች፤ ከላይዋ ከነበሩት ሰዎች መካከል የሞተው ፎቶግራፍ አንሺ ነበር።

ከዚያ ተራራ ሌላም አለኝ። በ1871 የተከፈተው የስዊሱ ሪጊ አለ፤ በአውሮፓ በባለ ጥርስ ሐዲድ ተራራ የወጣ የመጀመሪያው ነው። በ1881 የተከፈተው የሕንዱ ዳርጂሊንግም አለ፤ እሱ ጥርስ የለውም፤ እየተጠመዘዘና ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተመላለሰ ነው ሂማላያን የሚወጣው። እነዚህን የመሳሰሉትን አንደርውድና ኪስቶን የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች አባዝተው ያወጧቸው ነበር፤ አንደርውድማ የኮሌጅ ተማሪዎችን ቀጥሮ ቤት ለቤት ያሸጥ ነበር። ብዙዎቹ ከጀርባቸው ስለ ቦታው የሚያስረዳ ጽሑፍ አላቸው። እኔም ሌሊት ከሥራ ገብቼ፣ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ከስዊስ ሕንድ እመላለስ ነበር።

አሁን ወደ ጤፉ ልመለስ። በሦስተኛው ዓመቴ እኅቴ ከድሬዳዋ ደወለችልኝ። «አባባ ግራ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ በር ሲያልፉ ትከሻቸው ይጋጫል። አዲስ አበባ ወስጄ ላስመርምራቸው። የምትችለውን ላክልኝ» አለችኝ። ሞራ ነው ብዬ ገመትኩ። ሞራ እንደሚገፈፍ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ እንደሚደርስ አውቃለሁ። «በሚቀጥለው ወር» አልኳት። እጄ አጥሮ ነበር፤ እሱ ውሸት አልነበረም። ለምን እንዳጠረ ግን አልነገርኳትም። በዚያው ሳምንት ጨረታ ላይ ሃያ ሦስት ካርዶች በአንድ ላይ ቀርበው በ260 ዶላር አሸንፌአለሁ። የሚያስቀው፣ ሊያስቅ ከቻለ፣ እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉ ካርዶችን በብዛት የሰበሰበ መሆኑ ነው። ሄጄ አይቻለሁ፤ ለማየት አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። እኔ የከፈልኩት ለማየት አልነበረም፤ የእኔ ናቸው ለማለት ነበር።

በሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ ጨመረ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ምክንያት መጣ። አራት ወር ሆነ። ገንዘቡ ደርሶ ሐኪም ሲያያቸው ነገሩ ሞራ አልነበረም፤ ግላኮማ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ሞራ ይገፈፋል፤ በግላኮማ የሄደ ብርሃን ግን አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። የአባቴ ግራ ዓይን ሄዷል። የቀኙን በጠብታ ይዘውታል። ሐኪሙ ለእኅቴ ሕመሙ ከዓመታት በፊት የጀመረ መሆኑን፣ አራት ወር ብዙ ለውጥ ላያመጣ ይችል እንደነበር ነግሯታል። እሷም እኔን ለማጽናናት ነገረችኝ። «ላያመጣ ይችል ነበር» የሚለው አነጋገር «ሊያመጣም ይችል ነበር» ማለት መሆኑን ለማወቅ ግን የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ካርቶኑን ይዤ ወዳገሬ ተመለስኩ። በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ወርጄ፣ አባቴን ስሜ፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ መመልከቻውን አወጣሁ። የያዕቆብ መሰላልን ሰክቼ አቀበልኳቸው። «ያዩት፣ አባባ፤ ድልድዩ ከወረቀቱ ወጥቶ ይመጣል።» ስለ ሁለት ዓይን ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ለሌላው ሳስረዳ ኖሬ፣ መመልከቻውን በአንድ ዓይን ለሚያይ ሰው ሳቀብል ትዝ አላለኝም። አባቴ ረጅም ጊዜ አዩት። ካርዱን ወደ ፊት ገፉት፣ ወደ ኋላ ሳቡት። «ፎቶ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ እንዳይከፋኝ ብለው መሆን አለበት፣ «ጥሩ ፎቶ ነው» ብለው ጨመሩበት። እኅቴ ረከቦቱ ላይ አቀረቀረች። ያኔ ገባኝ።

መመልከቻውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ እሳቸው ካርዱን ነቅለው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ። በቀኝ ዓይናቸው አጠገብ ይዘው ያነቡት ጀመር።

«ሎኮሞቲቩ ከታች ነው ያለው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«አይጎትትም ማለት ነው፤ ይገፋል። እንዲህ ባለ ዳገት ከላይ ሆኖ የሚጎትት ሞኝ ነው። መንጠቆው ቢበጠስ ፉርጎውን ማን ይይዘዋል?» ትንሽ ዝም አሉና፣ «ቦይለሩ ለምን አንገቱን ደፋ?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ያየሁት የፎቶግራፍ አንሺው ካሜራ የተጣመመ ሆኖ ነበር። አላውቅም አልኳቸው።

«ውሃው ነዋ! አቦ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስታይ ነበር? ዳገት ላይ ውሃው ወደ ኋላ ይሸሻል። እሳት የሚያገኘው ቱቦ ደረቅ ከሆነ ቦይለሩ ይፈነዳል። ዳገቱን ሲይዝ ውሃው ተስተካክሎ እንዲተኛ አስቀድመው አዘነበሉት። ሜዳ ላይ ብታየው የተሰበረ ይመስልሃል።»

አባቴ በሥራ ዘመናቸው የጠገኑት የናፍጣ ሞተር ነው። የእንፋሎቱን ነገር ያወቁት ከቀደሟቸው አሮጌ ሠራተኞች ነበር። መንጠቆውንም በካርዱ ላይ ፈልገው አጡት። ፉርጎውና ሎኮሞቲቩ እንደማይተሳሰሩ፣ ፉርጎው ተደግፎ ብቻ እንደሚገፋና የራሱ ፍሬን እንዳለው ማንበቤን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው። ካልተሳሰሩ አንዱ ቢፈታ ሌላውን ይዞት አይሄድም።»

እኔ በሁለት ዓይኔ ያየሁት ድልድዩ ከገደሉ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ባቡሩ እንዴት እንደሚወጣ ያየሁት ያን ቀን፣ በእሳቸው ዓይን ነው። ይህን ስል ግን ራሴን ለማስተዛዘን እንዳይመስልብኝ። አባቴ በአንድ ዓይን ብዙ ማየት መቻላቸው ሌላው ዓይን ቢኖራቸው አይጠቅማቸውም ነበር ማለት አይደለም። በረንዳው ላይ ያለውን እርከን ሲወርዱ በእግራቸው ጣት ዳሰስ አድርገው ነው። ሻይ ሲቀዱ የብርጭቆውን አፍ በጣታቸው ይይዛሉ። ርቀት የሚባለውን ነገር እኔ በዶላር ስገዛው፣ እሳቸው በዚያው ጊዜ እያጡት ነበር።

ካርዱን አስቀሩት። ለ112 አንድ የጎደለው ለዚህ ነው። ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ቡና ላይ ሲገናኙ ከኪሳቸው እያወጡ ይከራከሩበታል አሉ፤ ስለ ፍሬኑ እስካሁን አልተስማሙም።

ስለ 260 ዶላሩ ግን ያን ቀን አልነገርኳቸውም። ልናገር ሦስት ጊዜ ከጀልኩ፤ ሦስት ጊዜም ቡናው ተቀዳ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሌላውን አውርተን ተለያየን። እኅቴም አታውቅም። እሷ የጻፍኩት ነገር በወጣ ቁጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታነብላቸዋለች። ይህም ዕትም ድሬዳዋ ሲደርስ እንደ ወትሮዋ ትጀምረዋለች፤ ስለ ጨረታው ካለው ላይ ስትደርስም ድምፅዋ እንደሚቆም አውቃለሁ።

እቴ፣ እንዳትዘዪው። እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው። እኔ ማታ እደውላለሁ።